ለፋሲካ ዶሮ ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት

ለገና ሦስት ክንፍ ያለው ዶሮ ገዝቻለሁ። ሦስት ክንፍ፣ ሦስት ቅልጥም፣ አንድ አንገት፤ ፈረሰኛ የለውም። ይህንኑ «የበዓል ጥቅል» ሻጮቹ ሰሞኑን ለፋሲካ ማስተዋወቅ ስለ ጀመሩ፣ የደሴና የአካባቢው ሰው ሳይከፍል እንዲያውቀው ብዬ ነው የምጽፈው።

ውሉ እንዲህ ነበር። ዋጋው 3,200 ብር፣ ግማሹ ቀብድ በሞባይል ባንክ። አንድ የሐበሻ ዶሮ ታርዶ፣ ታጥቦ፣ አሥራ ሁለት ቦታ ተበልቶ፣ በበርበሬና በንጥር ቅቤ ተለውሶ፣ ከአንድ ኪሎ ቁሌት ጋር ቤት ድረስ ይመጣል። ላስቲኩ ላይ «ከተጣደ በ45 ደቂቃ በስሎ ይደርሳል» የሚል ወረቀት ተለጥፏል። ላባ ከመንጨትና በሽንኩርት ከማልቀስ የሚያድን ሲገኝ ማን እምቢ ይላል? እኔም አላልኩም።

መጠርጠር የነበረብኝ ገና በስልክ ስንነጋገር ነው። «ማን ነው የሚያርደው?» ብዬ ጠየቅሁ። «አብሽሪ እህቴ፣ ለሁሉም ይሆናል» አለኝ ሰውየው። ወሎ ውስጥ እንዲህ ያለ መልስ የለም። በአንድ ግቢ፣ አንዳንዴም በአንድ ቤት፣ ክርስቲያንና ሙስሊም አብረን እንኖራለን፤ ቡናው አንድ ነው፣ ለቅሶው አንድ ነው፣ እርዱ ግን ለየብቻ ነው። ለዚህም ነው በየሠርጉ ሁለት ዓይነት ድስት የሚጣደው። ዶሮው በማን ቢላዋ እንደ ታረደ መናገር ያልቻለ ነጋዴ፣ ዶሮው ራሱ ከየት እንደ መጣ አያውቅም ማለት ነው። ይህን የማስበው ዛሬ ነው፤ ያን ዕለት ችኮላ ላይ ነበርኩ።

ታኅሣሥ 28 ረፋዱ ላይ ዕቃው ከኮምቦልቻ በሚኒባስ ተጭኖ መጣ። መንገዱ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆንም፣ ኮምቦልቻ ከደሴ ይልቅ ሞቃት ነው፤ መኪናውም እስኪሞላ መናኸሪያ ይቆማል። በረዶ አልተደረገበትም። ጥሬ የዶሮ ሥጋ ያለ ማቀዝቀዣ ከሁለት ሰዓት በላይ ከቆየ ሳልሞኔላን የመሰለ ተሕዋስ ይራባበታል። እኔ ዘንድ ሲደርስ ላስቲኩ ለብ ብሎ ነበር። ሽታውን እንዳልለይ ደግሞ በርበሬው ጋርዶታል።

ዋናው ነገር ይኸው ነው። ዶሮ ወጥ የሚያውቅ ሰው ሥጋውን በጥሬ በርበሬ አይለውስም። በሎሚና በጨው ደጋግሞ ያጥባል፣ ውሃው ጠርቶ እስኪወርድ ድረስ። ቀይ ሽንኩርቱ በዝግታ በስሎ፣ በርበሬው ገብቶ ጥሬነቱ እስኪለቅ ከተቁላላ፣ ቅቤውም ከተከተለ በኋላ ነው የሥጋው ተራ። መከለሻው መጨረሻ ላይ ይነሰነሳል። አስቀድሞ በርበሬ የተቀባ ሥጋ ግን ቆዳው አይታይም፣ ቀለሙ አይለይም፣ ዕድሜው አይታወቅም። ቅመሙ የመጣው ለመጋረጃነት ነው። ሚዛንም ያነሣል፤ የእኔው ላስቲክ ሁለት ኪሎ ተኩል ደፍቷል። የሐበሻ ዶሮ ታርዶ ሲገነጣጠል አንድ ኪሎ ገደማ ከሆነ ተመስገን የሚያሰኝ ነው።

አልቻልኩም፣ አጠብኩት። ብልቶቹን የቆጠርኩት ያን ጊዜ ነው። ፈረሰኛው ቀድሞ ተበልቶ ኖሯል፤ በየትኛው ትርጉም እንደ ሆነ እነርሱ ያውቃሉ። ከሳፋው ሥር ደግሞ በጣት ሲታሽ የሚሻክር ቀይ ደለል ቀረ። በርበሬ ብርጭቆ ውሃ ላይ ሲነሰነስ መጀመሪያ ይንሳፈፋል፤ የሸክላ ዱቄት ግን ወዲያው ይዘቅጣል። ይህን ሙከራ ገበያ ላይ ለምትገዙት በርበሬም ያዙት።

ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ውሃ እዚህ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው፣ ሥጋም ቀስ ብሎ ይበስላል። ስለዚህ 45 ደቂቃ የሚለው ወረቀት ለጥሩ ዶሮም ቢሆን አይሠራም። የእኔው ድስት ውስጥ ግማሹ ብልት በአንድ ሰዓት ፈራረሰ፣ ግማሹ አራት ሰዓት ተጥዶም ቢላዋ አላስገባ አለ። ለሥጋ ተብሎ ከሚረባ የፈረንጅ ዶሮና እንቁላል ጥላ ጥላ ከደከመች የእርባታ ዶሮ የተቀላቀለ መሆኑ ነው። ያረጀች ዶሮ በራሷ ነውር የለባትም፤ በስሟና በዋጋዋ ብትሸጥ እኔም እገዛታለሁ፣ መረቋ ግሩም ነው።

ጨውስ? ጾም ላይ ስለ ነበርን መቅመስ አንችልም። ልታግዘኝ የመጣችው ጎረቤቴ ሙስሊም ናት፤ እርሷም ማን እንዳረደው ያልታወቀ ሥጋ አትቀምስም። ሁለታችን ድስቱ ላይ አጎንብሰን ስናሸት አመሸን። ጨው መሆኑን ያወቅነው ሌሊት ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ነው። የ43 ቀን ጾማችንን በእንቁላልና በእንጀራ ፈታን፤ እንቁላሉ ከቤት ነበር።

በነጋታው ደወልኩ። «ችግሩ አበሳሰሉ ላይ ነው» አሉኝ። ስለ ሦስተኛው ክንፍ ስጠይቅ ስልኩ ተዘጋ። ነጋዴ ለሸጠው ዕቃ ደረሰኝ እንዲሰጥ የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ያስገድዳል፤ እኔ ግን ቀብዱን የላክሁት ወደ ግለሰብ ሒሳብ ነበርና አቤት የምልበት ወረቀት የለኝም። እናንተ ደረሰኝ ካልተሰጣችሁ አንድ ብር አትላኩ።

ዶሮውን በቁሙ ግዙ፤ ደረቱን ዳስሱ፣ ዓይኑን እዩ። ጊዜ ካጠራችሁ ለሚያርድና ለሚበልት የሰፈር ሰው ክፈሉ። የግድ የታረደ ከሆነ ሙሉውን፣ ምንም ሳይቀባ፣ ቀዝቅዞ ይምጣ፤ ማን እንዳረደውም ይነገራችሁ።

የፋሲካውን ማስታወቂያ ትናንት አየሁት። ዋጋው 3,600 ብር ገብቷል፤ ከሥሩም «አሥራ ሁለቱም ብልት የተሟላ» የሚል ተጨምሮበታል።