የጥቅል ገፈራ ማንሻ ለትራክተር፦ ጦር፣ አቃፊ ክንድ ወይስ ዘርጊ?

በጎጃም ሣሩ ለምለም ሆኖ የሚገኘው በሐምሌና በነሐሴ፣ ማለትም ዝናቡ ድርቆሽ ለማድረቅ ፋታ በማይሰጥበት ጊዜ በመሆኑ፣ የወተት ላም አርቢ ሣሩን ጠውለግ አድርጎ በፕላስቲክ ቢጠቀልለው፣ ገፈራ ማለትም አየር ሳያገኘው የኮመጠጠ እርጥብ መኖ አድርጎ ሳያበላሽ ለበጋ ያቆየዋል። ችግሩ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ቁመቱም ስፋቱም 1.2 ሜትር የሆነ ክብ የገፈራ ጥቅል እንደ እርጥበቱ ከ5 እስከ 8 ኩንታል ስለሚመዝን፣ ከማሳ አንሥቶ ለመከመርም ሆነ ወደ በረት ለማድረስ በትራክተር ላይ የሚገጠም መሣሪያ ያስፈልጋል።

ርካሹ ጦር ነው። ከትራክተሩ ኋላ በሦስቱ ማያያዣዎች ላይ የሚገጠም፣ አንድ ወይም ሁለት ሹል ብረት ያለው ቀላል ፍሬም ሲሆን፣ ተጨማሪ የሃይድሮሊክ (የዘይት ግፊት) መስመር አይፈልግም። ብየዳ ቤት ማሠራትም ይቻላል፤ ነገር ግን ሹሉ ራሱ የጠነከረ ብረት መሆን አለበት እንጂ ፌሮ ወይም የውኃ ቧንቧ ከሆነ በጥቂት ጊዜ ይጎብጣል። ለደረቅ ድርቆሽ ከጦር የተሻለ ገንዘብ ቆጣቢ የለም። ለተጠቀለለ ገፈራ ግን ጦሩ የገባበት ቀዳዳ አየር ያስገባል፤ አየር ሲገባ ሻጋታ ይከተላል። እንዲህ የተወጋ ጥቅል ከሳምንታት በኋላ ሲከፈት በቀዳዳው ዙሪያ ነጭ ሻጋታ ይዞ፣ ቀና የሆነው የኮምጣጣ ሽታ ጠፍቶ ምድር ቤት ምድር ቤት ይሸታል። ለዚሁ ሥራ የተሠራ ማጣበቂያ ወዲያው ቢለጠፍበት ይረዳል፤ የካርቶን ማሸጊያ ቴፕ ግን ፀሐይና ዝናብ አይችልም። ስለዚህ ጦር ለገፈራ የሚሆነው ጥቅሉ በዕለቱ ተከፍቶ የሚበላ ከሆነ ብቻ ነው።

አቃፊ ክንድ ጥቅሉን ግራና ቀኝ በለስላሳ ክብ ቧንቧዎች አቅፎ ያነሣል፤ ፕላስቲኩን አይቀድም። በእኔ አስተያየት ጥቅል ገፈራ ለሚያከማች ሰው ትክክለኛው ምርጫ ይህ ነው። ሲከመርም ጥቅሉን በጠፍጣፋ ጎኑ ማቆም ይበጃል፤ ፕላስቲኩ ይበልጥ የሚደራረበው በዚያ በኩል ስለሆነ ነው። ዋጋው ከጦር ይበልጣል፣ ዘይት የሚልክና የሚመልስ ጥንድ የሃይድሮሊክ መውጫም ይጠይቃል። አሮጌ ትራክተሮች አንዳንዶቹ አንድ መውጫ ብቻ ስላላቸው፣ ይህን ሳያዩ የሚገዙ ሰዎች ክንዱ ተከፍቶ የማይዘጋ ዕቃ ይዘው ይመለሳሉ።

ዘርጊው ጥቅሉን እየፈታ በመስመር ያነጥፋል። ሰፊ ደረቅ ግጦሽ ላይ ብዙ ከብት ለሚያበላ ሰው ጉልበት ይቆጥባል። በእኛ አካባቢ ግን አብዛኛው አርቢ በገንዳ ስለሚያበላ፣ በጭቃ ላይ የተነጠፈ መኖም ተረግጦ ስለሚቀር፣ ጥቅሙ ከዋጋው ጋር አይመጣጠንም። በሜጫና በቡሬ በብዛት ከሚበቅለው በቆሎ የተሠራ ገፈራ ደግሞ ተከትክቶ ስለሚታሰር፣ ፕላስቲኩ ሲነሣ ይፈርሳል እንጂ እንደ ሣር አይተረተርም። በማናቸውም መሣሪያ ቢሆን ከመመገብ በፊት ፕላስቲኩንና ጥቅሉ የታሰረበትን መረብ ሙሉ በሙሉ ማውጣት ግዴታ ነው፤ ላም የዋጠችው መረብ ከሆዷ አይወጣም።

ከዚህ ሁሉ በፊት ትራክተሩ ይታይ። አምራቹ የሚጽፈው የማንሣት አቅም ብዙ ጊዜ በማያያዣው ጫፍ ላይ የተለካ ሲሆን፣ የጥቅሉ ክብደት ግን ከዚያ ወደ ኋላ ርቆ ስለሚያርፍ እውነተኛው አቅም ያነሰ ነው። የመሣሪያውም ክብደት ይደመራል። ኋላው ሲከብድ የፊት ጎማዎች ይቀላሉ፤ በዳገት ላይ መሪው አልታዘዝ ይላል። የፊት ሚዛን ብረት መግጠምና ጥቅሉን ዝቅ አድርጎ መንዳት ይገባል።

የመንጋው ብዛትም ምርጫውን ይወስናል። አንዲት የምትታለብ ላም በቀን 25 ኪሎ ግራም ገፈራ ትበላለች ብንል፣ አሥር ላሞች ባለ 6 ኩንታሉን ጥቅል በሁለት ቀን ተኩል ይጨርሱታል። አራት ላም ያለው ሰው ግን ለስድስት ቀን ከፍቶ ማቆየት ይኖርበታል፤ እንደ ባሕር ዳር ባለ ሞቃት ቦታ ያን ያህል ከቆየ ይሞቃል፣ ይበላሻል። ለእንዲህ ያለው አርቢ ከ50 እስከ 70 ኪሎ ግራም የሚመዝን ትንሽ ጥቅል ማሠራት ይሻለዋል፤ ሁለት ሰው ተሸክሞ ስለሚያደርሰው ከሦስቱም መሣሪያ አንዱን መግዛት አያስፈልገውም።

መግዛቱ ከተወሰነ፣ ሻጩ መሣሪያውን በገዢው ትራክተር ላይ ገጥሞ ያሳይ። የታችኞቹ ማያያዣዎች ፒን በአነስተኛ ትራክተር 22 ሚሊ ሜትር፣ በመካከለኛው 28 ሚሊ ሜትር ውፍረት ስላለው፣ የማይገጥመው በዚያው ይታወቃል። ክንዱም አርቢው ለሚያሠራው ጥቅል ስፋት የሚበቃ መከፈቻ እንዳለው በሜትር ይለካ፤ ክፍያው ከዚያ በኋላ ይፈጸም።