የካንሰር መድኃኒት ኬሚስትሪ ጥናቶችን የኦንላይን ትኩረት መለካት፦ አልትሜትሪክ ወይስ ፕለምኤክስ?

ሁለቱም አንድ ጥናት በኦንላይን ምን ያህል ትኩረት እንዳገኘ የሚቆጥሩ መሣሪያዎች ናቸው። በጥናቱ ዲኦአይ (የጽሑፉ ቋሚ የኦንላይን መለያ) ይፈልጋሉ፤ የሚሰጡት ግን ለየቅል ነው።

አልትሜትሪክ ባለቀለም ቀለበት መሃል አንድ የውጤት ነጥብ (ቁጥር) ያስቀምጣል። ነጥቡ ተራ ድምር አይደለም፦ ዜና 8፣ ብሎግ 5፣ ፓተንትና ዊኪፒዲያ 3፣ ፌስቡክ 0.25 ይመዝናሉ። የሜንዴሌይ (ተመራማሪዎች ጽሑፎችን የሚያስቀምጡበት መተግበሪያ) አንባቢዎች ቁጥር ይታያል እንጂ ነጥቡ ውስጥ አይገባም። ጣጣው እዚህ ላይ ነው። ስለ አዲስ የካይኔዝ (የሴል ኢንዛይም) አጋጅ ሞለኪውል የተጻፈን ጽሑፍ ኬሚስቶች አስቀምጠው ያነቡታል፤ ጋዜጣ ግን አያወራለትም፤ ስለዚህ ነጥቡ ዝቅ ይላል። «ካንሰርን ድል የሚነሳ ሞለኪውል ተገኘ» የሚል መግለጫ አሥር የዜና ተቋማት ቢቀባበሉት ግን ነጥቡ ወደ 80 ሊጠጋ ይችላል፣ አይጥ ላይ እንኳ ያልተሞከረ ቢሆንም።

ፕለምኤክስ አጠቃላይ ነጥብ የለውም። ጥቅስ፣ አጠቃቀም፣ ማስቀመጥ፣ መጠቀስና ማኅበራዊ ሚዲያ በሚሉ አምስት ክፍሎች ለይቶ ይቆጥራል፤ የሜንዴሌይ አንባቢዎችን «ማስቀመጥ» ሥር ታገኛቸዋለህ። ለነጠላ የኬሚስትሪ ጽሑፍ እሱን እመርጣለሁ። የዜና ሽፋንን ለማወዳደር ግን አልትሜትሪክ ይሻላል፤ ያኔም ከጥሬው ነጥብ ይልቅ በተመሳሳይ ጊዜ ከወጡ ጽሑፎች መካከል ያለውን ደረጃ ተመልከት።

አንድ ክፍተት ይጋራሉ። ዜናው የካንሰር መድኃኒቱን ሶቶራሲብን (እ.ኤ.አ. በ2021 በአሜሪካ የጸደቀውን) በስም ብቻ ጠርቶ ጽሑፉን ካላመለከተ አይቆጠርም። ስለዚህ በመድኃኒቱ ስምና በቀድሞ መለያው «ኤኤምጂ 510» ዜናዎችን ለየብቻ ፈልግ፤ ጽሑፉ ቅድመ ኅትመት (ከመታተሙ በፊት በኦንላይን የተለቀቀ ቅጂ) ካለውም የሁለቱንም ዲኦአይ አስገባ።