ለፒሮ ኔጋቲቭ፦ ፈጣን ፊክሰር ወይስ ተራ ሃይፖ?

ፒሮጋሎል ወይም ፒሮካቴኮል (ባጭሩ ፒሮ) ያለበት ዴቨሎፐር፣ ማለትም ምስሉን የሚያወጣው ፈሳሽ፣ የፊልሙን ጄላቲን ያጠነክራል፣ ቀለምም ያሲዘዋል። ቀለሙ የምስሉ አካል ስለሆነ ምስሉን የሚያጸናው ፈሳሽ፣ የፊክሰሩ፣ ምርጫ ያሳስባል።

ፈጣኑ ፊክሰር አሞኒየም ታዮሰልፌት ነው። ብዙውን ጊዜ 1 እጅ በ4 እጅ ውሃ ይበጠበጣል፤ ከ3 እስከ 5 ደቂቃ ይበቃዋል። በውስጡ ያለው አሲድ ቀለሙን ያጠፋል የሚባለው የተጋነነ ይመስለናል፤ አሉም (የአሉሚኒየም ጨው) ያለበትን ማጠንከሪያ ግን ተዉት፣ ጄላቲኑ ቀድሞውኑ ጠንክሯል።

ተራው ሃይፖ (ሶዲየም ታዮሰልፌት) ቀርፋፋ ቢሆንም አሲድ የለውም፣ በቤት ይዘጋጃል። በ750 ሚሊ ሊትር፣ 50 ዲግሪ ሴልሺየስ በሆነ ውሃ 15 ግራም ሶዲየም ሰልፋይት፣ ቀጥሎ 250 ግራም የሃይፖ ክሪስታል አሟሙና 1 ሊትር ሙላ። ሙቅ ውሃ የሚያስፈልገው ክሪስታሉ ሲሟሟ ውሃውን ስለሚያቀዘቅዘው ነው። ፊልም ከመክተትህ በፊት ወደ 20 ዲግሪ ይውረድ። በጅማ ክረምት እርጥበቱ ክሪስታሉን ስለሚያጣብቀው ክዳኑ ጥብቅ በሆነ ማሰሮ ይቀመጥ።

ከዴቨሎፐር በኋላ ሥራውን በሚያቆመው አሲድ ፋንታ ለ1 ደቂቃ በንጹህ ውሃ አለቅልቅ። በሃይፖው ውስጥ አሲድ ከገባ ሰልፈር ይለያል፣ ፈሳሹ ወተት ይመስላል፤ ያኔ ድፋው።

ጊዜውን በቁራጭ ፊልም ለካ፦ ወተት የመሰለው ፊልም ጥርት እስኪል የወሰደውን እጥፍ አድርግ፤ ለቲ-ማክስና ለዴልታ ፊልሞች ሦስት እጥፍ። የመጥሪያው ጊዜ ከመጀመሪያው እጥፍ ከሆነ ፊክሰሩ አልቋል።

ጅማ ላይ ጥቂት ጥቅል ለሚያጥብ ሃይፖውን እንመርጣለን፤ ደረቅ ክሪስታል በመንገድ አይፈስም።