የእማዬን ፌስታል ላስከፈተችው ፋርማሲስት

ይሄን ምስጋና መጻፍ የነበረብኝ ከሁለት ወር በፊት ነው፣ ያዘገየኝ ስንፍና ነው።

እማዬ 68 ዓመቷ ነው። ደም ግፊትና ስኳር አለባት። በየሦስት ወሩ ለክትትል ትሄዳለች፣ ሐኪሙ "ሌላ የሚወስዱት መድኃኒት አለ?" ይላታል፣ እሷም "የለም ልጄ" ትላለች፣ አለቀ። መዋሸቷ አይደለም። ለእሷ መድኃኒት ማለት ሐኪም ጽፎ ያዘዘላት ብቻ ነው። ለጉልበቷ የምትውጠው "ማስታገሻ" ነው፣ አክስቴ ከሜሪላንድ በሰው እጅ የምትልከው "የአሜሪካ ኪኒን" ነው፣ ማታ ተዘፍዝፎ ጠዋት የሚጠጣው የአብሽ ውሃማ ጭራሽ አይቆጠርም።

ይሄን ሁሉ ያወጣችው ሳሪስ አካባቢ የምትሠራ አንዲት ፋርማሲስት ናት። እኔ የሄድኩት የሳል ሽሮፕ ልገዛ ነበር። እማዬን ደረቅ ሳል ከያዛት ሦስት ወር አልፎት፣ ከሌላ ቦታ ሦስት ዓይነት ሽሮፕ ገዝተን አንዱም ጠብ አላለላትም። ይቺ ልጅ ግን እጇን ወደ መደርደሪያው ከመስደዷ በፊት "ለማን ነው? ስንት ዓመታቸው ነው? ሌላ ምን ይወስዳሉ?" አለችኝ። የግፊት አልኳት። የትኛውን የግፊት? አላውቅም። በእውነት አፈርኩ። "ነገ እሳቸውን ይዘሽ ነይ፣ ቤት ያለውንም መድኃኒት በሙሉ በፌስታል አምጪው፣ ባዶ ካርቶን ሳይቀር። ሽሮፑን ያኔ እናየዋለን።" ገንዘብ ይዤ ሄጄ አልሸጥልሽም ስባል የመጀመሪያዬ ነው።

በማግስቱ እማዬን ወንበር ላይ አስቀምጣ ፌስታሉን ጠረጴዛ ላይ ዘረገፈችው። አጠያየቋን ብታዩት! "መድኃኒትዎን በደንብ ይወስዳሉ?" አላለቻትም፣ ለዚህ ጥያቄ የትኛዋም እናት መልሷ "አዎ" ነው። "እማማ፣ ትናንት ከእንቅልፍዎ ተነስተው መጀመሪያ የዋጡት የቱን ነው? ያሳዩኝ" አለቻት። እማዬ አሳየቻት። "ከዚያ ስንት ሰዓት ላይ ነው እህል የቀመሱት?"

እማዬ ዝም አለች። ጊዜው ሁዳዴ ነበር። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ትጾማለች፣ የስኳር ኪኒኗን ግን በጠዋቱ በአንድ ጉንጭ ጸበል ታወርዳለች። ረፋዱ ላይ ላብ ሲያሰምጣት፣ እጇ ሲንቀጠቀጥ ሁላችንም የጾም ድካም ነው ስንል ከርመናል፣ ለካስ ስኳሯ እየወረደ ነው። ግሊቤንክላማይድ የሚባለው ኪኒን ምግብ ካልተከተለው ስኳርን ከልክ በታች ይጥላል፣ ዕድሜው በገፋ ሰው ላይ ደግሞ ይብሳል፣ በዚያ ላይ አብሹም በበኩሉ ያወርዳል። ለምን ለሐኪሙ አልነገርሽውም ስላት "ጾሜን ቢከለክለኝስ ብዬ" አለች። ፋርማሲስቷ አልተቆጣቻትም፣ ጾሙን ተዪውም አላለቻትም። "እንዴት እንደሚጾሙ ከሐኪምዎ ጋር እንመካከርበታለን፣ እስከዚያ ግን ሳይበሉ ይቺን አይዋጡ" ብቻ አለች። እማዬ ከዚያ በኋላ ምንም አልደበቀቻትም።

የቀረው በላይ በላዩ ወጣ። አክስቴ የምትልከው "የአሜሪካ ኪኒን" አሊቭ፣ ናፕሮክሲን የሚባል የሕመም ማስታገሻ ነው፣ ከዚህ የምንገዛላት ዳይክሎፌናክ ደግሞ የዚያው ቤተሰብ ነው፣ ማለትም እማዬ አንድ ዓይነት ማስታገሻ በሁለት ስም ስትወስድ ኖራለች። ግፊት ይጨምራል፣ ከግፊት ኪኒኗና ከሚያሸናው ኪኒን ጋር ሲሆን ደግሞ ኩላሊት ይጎዳል። ሳሉስ? የግፊት ኪኒኗ ኢናላፕሪል መቼ እንደተጀመረላት ከካርዷ ላይ አየች፣ ኅዳር ነው። ሳሉ የጀመራት ታኅሣሥ። ኢናላፕሪል አንዳንድ ሰው ላይ ደረቅ ሳል ያመጣል፣ እኛ በሽሮፕ ስናሳድደው የነበረው እሱን ነው።

አሁንም ሳስበው የሚያንቀጠቅጠኝ ግን ሌላ ነው። "ድሮ መርፌ ወይ ኪኒን ወስደው ሰውነትዎ አብጦ፣ ትንፋሽ አጥሮዎት ያውቃል?" ስትላት እማዬ "ኧረ የፔኒሲሊን መርፌ ሊገድለኝ ነበር፣ ገና አንቺን ሳልወልድ" አለች። እኛ ልጆቿ ሰምተነው አናውቅም። ወንድሜ ለሳሉ ብሎ ያለ ማዘዣ የገዛላት አሞክሳሲሊን ደግሞ እዚያው ጠረጴዛ ላይ ነበር፣ ሳይከፈት። አሞክሳሲሊን የፔኒሲሊን ዘር መሆኑን ያን ቀን ነው ያወቅኩት።

ፋርማሲስት ማለት "ጠዋትና ማታ" ብሎ በመስኮት የሚያቀብል ሰው ይመስለኝ ነበር። ለካ አምስት ዓመት የሚማሩት ለዚህ ነው። በራሷ ሥልጣን ምንም አልቀየረችም፣ ሁሉንም በአንድ ወረቀት ጻፈችው፦ የመድኃኒቱ ስም፣ መጠኑ፣ ለምን እንደታዘዘ፣ መቼ እንደተጀመረ፣ እማዬ በእርግጥ እንዴት እንደምትወስደው፣ ከላይ ደግሞ በቀይ እስክሪብቶ ፔኒሲሊን። ሐኪሙ አንብቦት ሲጨርስ "ይሄን ማን ነው የሠራው?" አለ። ኢናላፕሪሉን ሎሳርታን በሚባል ሌላ የግፊት ኪኒን ቀየረ፣ ግሊቤንክላማይዱን አስቆመ፣ ኩላሊቷንም አስመረመረ፣ ተመስገን ደህና ነው። ሳሉ በሦስተኛው ሳምንት ጠፋ። ለጉልበቷ አሁን ፓራሲታሞልና የሚቀባ ነገር ነው።

ለዚህ ሁሉ የከፈልኩት ዜሮ ብር ነው። ሽሮፑንም አልገዛሁም።

እንግዲህ ልሄድ ለምትሉ፣ ፈገግታ አትጠብቁ፣ ልጅቷ ኮስተር ያለች ናት። ቀርፋፋም ናት፣ ከእኛ ኋላ የተሰለፈው ሰው ሲያጉረመርም ነበር፣ እውነቱን ነው። ቅዳሜ ይጨናነቃል፣ በሥራ ቀን ጠዋት ይሻላል። የዓይን ጠብታ፣ ቅባት፣ የባህል መድኃኒት፣ ቫይታሚን፣ ከውጭ የተላከ ሁሉ ይዛችሁ ሂዱ። ስሜን አትጻፊ ስላለችኝ ነው እንጂ በትልቁ እጽፈው ነበር፣ አድራሻውን የፈለገ በውስጥ መስመር ይጠይቀኝ።

አክስቴ ብቻ ኪኒን አትላኪ ተብላ ትንሽ ተቀይማለች።