ኮምቦልቻ የሚገኝ አንድ የመኪና ኤሌትሪክ ቤት፦ አልነሳ ላለ መኪና የሚሰጠው ምርመራ ሲገመገም

ከዋናው አስፋልት ጥቂት ገባ ብሎ የሚገኘው ይህ የሥራ ቦታ የንግድ ስም አልሰቀለም፤ በቆርቆሮ በሩ ላይ በቀለም ከተጻፈው «የመኪና ኤሌትሪክ» ከሚለው ቃል በቀር መለያ የለውም። ሞተር አያወርድም፣ ፍሬን አይሠራም፣ ጎማም አይቀይርም። ደንበኞቹ በአብዛኛው የሚመጡት ቁልፍ ሲዞር አልነሳ ያለ መኪና ለምን እንዳልተነሳ ለማወቅ ነው። ቤቱን ከብዙዎቹ የሚለየው የምርመራና የጥገና ዋጋ ለየብቻ የሚከፈልበት መሆኑ ነው። ደንበኛው ችግሩ ከታወቀ በኋላ የምርመራውን ከፍሎ ጥገናውን ሌላ ቦታ ማሠራት ይችላል። ይህ አሠራር ቀላል ቢመስልም ውጤቱ ትልቅ ነው፤ ባለሙያው መለዋወጫ ሳይሸጥም የድካሙን ዋጋ ስለሚያገኝ «ባትሪ ይቀየር» ለማለት የሚያስቸኩለው ነገር የለም።

የወሰድኩት መኪና ማንዋል ማርሽ ያለው አሮጌ ቶዮታ ኮሮላ ነው። ደሴ ላይ በማለዳ ሞተሩ እየከበደው ይዞር ነበር፤ ውሎ አድሮ ደግሞ ከአንድ «ጠቅ» የሚል ድምፅ በቀር ምንም የማይሰማበት ጠዋት በዛ። ተገፍቶ ግን ወዲያው ይነሳል፣ ከተነሳም በኋላ ቀኑን ሙሉ ያለ ችግር ይሄዳል። ደሴ ካሳየኋቸው ቦታዎች አንዱ ባትሪው ሞቷል ሲል ሌላው ሞተሪኖው (ቁልፍ ሲዞር ሞተሩን የሚያሽከረክረው ማስነሻ) ተበልቷል አለ፤ ሁለቱም መለኪያ አላወጡም። እዚህ ላይ የሁለቱ ከተሞች ጠባይ ነገሩን ያወሳስበዋል። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስትሆን ኮምቦልቻ ከ25 ኪሎ ሜትር ቁልቁለት በኋላ 1,850 ሜትር አካባቢ ትገኛለች። በብርድ የባትሪው ኬሚካላዊ ሥራ ይቀዘቅዛል፣ የሞተር ዘይትም ይወፍራል፤ ስለዚህ ሞተሩ ብዙ ጉልበት በሚጠይቅበት ሰዓት ባትሪው የሚሰጠው ይቀንሳል። ደሴ በጠዋት የተገፋ መኪና ኮምቦልቻ በቀትር በአንድ ቁልፍ ስለሚነሳ፣ በዓይንና በጆሮ ብቻ የሚመረምር ሰው «ምንም የለበትም» ብሎ ሊመልሰው ይችላል።

ባለሙያው ኮፈኑን ሳይከፍት ጥያቄ አበዛ። ተገፍቶ ይነሳል ወይ? «ጠቅ» ሲል የዳሽቦርዱ መብራት ይደበዝዛል ወይስ እንዳለ ይቀራል? ድምፁ አንድ ጊዜ ነው ወይስ ተደጋግሞ እንደ መትረየስ ይንጣጣል? ጥያቄዎቹ በከንቱ የተጠየቁ አይደሉም። ተገፍቶ የሚነሳና ደህና የሚሄድ መኪና ነዳጁም፣ ነዳጁን በብልጭታ የሚያቀጣጥለው ካንዴላም እየሠሩ መሆናቸውን ስለሚመሰክር፣ ፍለጋው ወደ ባትሪው፣ ወደ ገመዶቹና ወደ ሞተሪኖው ይጠባል። ድምፁ እየተደጋገመ መብራቱ ከደከመ አብዛኛውን ጊዜ ጥርጣሬው ባትሪው ላይ ወይም የላላ ማሰሪያ ላይ ያርፋል። መብራቱ ሳይደበዝዝ አንድ ጊዜ ብቻ «ጠቅ» ካለ ደግሞ ባትሪው ጉልበት እያለው ጉልበቱ ሞተሪኖው ዘንድ አለመድረሱን ወይም የሞተሪኖው የውስጥ መዳብ መበላቱን ያመለክታል።

ከዚያ ልኬቱ ቀጠለ። መኪናው ከደሴ ሲወርድ ዲናሞው ባትሪውን ሲሞላ ስለመጣ፣ ወዲያው ቢለካ ከእውነተኛ አቅሙ በላይ እንደሚያሳይ ነግሮኝ የፊት መብራቱን ለጥቂት ደቂቃ አብርቶ አጠፋና ለካ፦ 12.5 ቮልት። ሙሉ ባትሪ 12.6 አካባቢ ስለሚያሳይ ይህ ጥሩ ነው። ሞተሩ እየዞረ እንዳይነሳ ለካንዴላው ብልጭታ የሚሰጠውን የኮይሉን ገመድ ነቅሎ ረዳቱ ቁልፉን ለጥቂት ሰከንድ ሲያዞር፣ በባትሪው ራስ ላይ የታየው ቮልት 10.8 ነበር። ጭነት ላይ ከ9.6 በታች የሚወርድ ባትሪ የሚጠረጠር በመሆኑ ይኸኛውም አለፈ። «አብሽሩ ጋሼ፣ ባትሪው ጤነኛ ነው» ያለኝ በዚህ ጊዜ ነው።

የአገልግሎቱ ዋና ብልሃት የታየው ቀጥሎ ነው። የመለኪያውን አንዱን ጫፍ በባትሪው ኔጌቲቭ ራስ ላይ፣ ሌላውን በሞተሩ ብረት ላይ አድርጎ ቁልፉን እንደገና አስዞረ። ጤነኛ የማሳ ገመድ (የባትሪውን ኔጌቲቭ ከሞተሩ ብረት ጋር የሚያገናኘው) በዚህ ልኬት ከ0.2 ወይም ከ0.3 ቮልት በላይ ማሳየት የለበትም፤ የኔው 1.5 ቮልት አሳየ። በፖዘቲቩ በኩል ግን ጉድለት አልነበረም። ባትሪው ከሚሰጠው 10.8 ቮልት ሞተሪኖው የሚያገኘው ወደ 9 ብቻ ነበር ማለት ነው፤ ያውም በኮምቦልቻ ሙቀት፣ መኪናው በደህና እየዞረ። ሌሎቹ ያልደረሱበት ይህን ነው፤ ጉዳቱ መኪናው በሚነሳበት ሰዓትም በቁጥር ይታያል፣ የደሴን ብርድ መጠበቅ አያስፈልግም።

መብራቱና ራዲዮው እየሠሩ ሞተሩ ለምን እንደማይዞር ስጠይቀው በወረቀት ቁራጭ ላይ አስልቶ አሳየኝ። እንዲህ ያለ አነስተኛ የቤንዚን ሞተር ለማስነሳት 150 አምፔር ያህል ይፈሳል። በገመዱ ላይ የአንድ ኦም መቶኛ ተቃውሞ ብቻ ቢኖር 150 በ0.01 ሲባዛ 1.5 ቮልት መንገድ ላይ ይቀራል። ሁለቱ የፊት መብራቶች ግን 10 አምፔር ገደማ ስለሚወስዱ በዚያው ገመድ የሚያጡት 0.1 ቮልት ነው፤ ይህን ዓይን አይለየውም። «መብራቱ ደማቅ ስለሆነ ገመዱ ደህና ነው» የሚለው የተለመደ ፍርድ ውድቅ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው። ገመዱ ተፈትቶ ላስቲኩ ሲቀደድ፣ ከማሰሪያው ሥር ያለው የመዳብ ክር አረንጓዴ ዱቄት ሆኖ ግማሹ ተበጣጥሷል፤ ከውጭ ሲታይ ግን ማሰሪያው ጸድቶ ያብረቀርቅ ነበር። አዲስ ወፍራም ገመድ ከገባ በኋላ ያው ልኬት ተደግሞ 0.15 አሳየ፤ ሞተሩ ተነስቶ ዲናሞው 14.2 ቮልት መስጠቱም ተረጋገጠ። ከጥገና በኋላ ልኬቱን ደግሞ ለባለቤቱ ማሳየት እንደ ደንብ ቢያዝ ምንኛ በወደድኩ።

ሞተሩ በደንብ እየዞረ የማይነሳ ሲሆን መንገዱ ሌላ ነው። ተራ ስጠብቅ እንዳየሁት ካንዴላ አውጥቶ ብልጭታ ያያል፣ ፊውዝና ሪሌ ይፈትሻል፣ የነዳጁን ግፊት ይለካል፣ በኮምፒውተር የሚሠራ መኪና ሲሆን ስካነር ይሰካል። ስካነሩ ራሱ መጠነኛ ነው፤ የስህተት ቁጥር ከማንበብ ብዙም አያልፍም። ይሁን እንጂ እንደኔው ያለውን የገመድ ጉዳት የትኛውም ውድ ስካነር በቀጥታ ስለማይነግር፣ ስካነር የሌለውን ባለሙያ ሁሉ ኋላ ቀር የሚሉ ሰዎች ፍርዳቸው አይገባኝም።

ጉድለቶቹም ጥቂት አይደሉም። ኮምቦልቻ ከጅቡቲ በሚሌና በባቲ በኩል ለሚመጣው መንገድ መውጫ በመሆኗ ከባድ መኪናዎች ይበዛሉ፤ ባለ 24 ቮልት የጭነት መኪና ሲመጣ ቀጠሮ የያዘ የቤት መኪና ወደ ኋላ ይገፋል። ለከባድ መኪና ባለቤት አንድ ቀን መቆም ትልቅ ኪሳራ መሆኑ ይገባኛል፤ ነገር ግን ቀጠሮ የሰጠ ቤት ቀጠሮውን ሊያከብር፣ ካልቻለም በስልክ ሊያሳውቅ ይገባ ነበር። መቀመጫ የለም፣ ጥላውም ከቀትር በኋላ ወደ ጎረቤት ይዞራል። ረዳቶቹ ዘይት በነካው እጃቸው መሪና ወንበር ስለሚይዙ ጨርቅ ይዞ መሄድ ይበጃል። ከሁሉም የከፋው ደረሰኝ አለመኖሩ ነው፤ ለገመዱ የተሰጠኝ ዋስትና የቃል ብቻ ነው። የተለኩት ቁጥሮች በወረቀት ተጽፈው ቢሰጡ ኖሮ ባለመኪናው ሌላ ጊዜ ሲመጣ ማነጻጸሪያ ይሆኑት ነበር።

የከፈልኩት የምርመራ ዋጋና የገመዱ ሒሳብ ተደምሮ ከአንድ አዲስ ባትሪ ዋጋ በብዙ ያነሰ ነው። ለአሮጌና መካከለኛ ዕድሜ ላላቸው የቤንዚንና የናፍጣ መኪኖች ቤቱን ያለ ማመንታት እመክራለሁ። ያለ ቁልፍ በአዝራር ለሚነሱ አዳዲስ ሞዴሎችና ለኤሌክትሪክ መኪኖች ግን መሣሪያው እንደማይበቃ ባለሙያው ራሱ ይናገራል፤ እኔ ባለሁበት የመጣ አንድ ደንበኛንም ገንዘብ ሳይቀበል መልሶታል። ዓርብ ለጁምዓ ስለሚዘጋ በዚያ ቀን መሄድ የፈለገ ሰው በጠዋት ቢደርስ ይሻላል፤ ከደሴ የሚወርድ ደግሞ መኪናውን በመንገድ ላይ እንዳያጠፋው።