ልጄን ፊደል ላስቆጠሩልኝ የኔታ፦ ምስጋናና ለባሕር ዳር ወላጆች ጥቆማ

ሰላም ለእናንተ ይሁን፣ የባሕር ዳር ወላጆች። ሽምብጥ አካባቢ፣ በአንድ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ጥግ ባለች የቆርቆሮ ዳስ ውስጥ ሕፃናት የሚያስተምሩ አንድ የኔታ አሉ። ምስጋናዬን በሰው ፊት ልናገርላቸው ስለፈለግሁ ነው ይህን የምጽፈው። ስማቸውን ልጥቀስ ብዬ ፈቃድ ብጠይቃቸው «ውዳሴ ከንቱ ነው፣ ተይው ልጄ» አሉኝ። ስለዚህ ስማቸውን ትቼ ሥራቸውን እናገራለሁ።

ልጄ ወደ እሳቸው ከመሄዷ በፊት አንድ መዋዕለ ሕፃናት ትማር ነበር። «ሀ ሁ ሂ ሃ» ብላ ጀምራ እስከ መጨረሻው በዜማ ትወርደዋለች። ደብተሯ በጽሕፈት የተሞላ ነው፤ ካርዷም «በጣም ጥሩ» ይላል። ከመሐል አንድ ፊደል ነጥለው ቢያሳዩአት ግን ከ«ሀ» ተነሥታ ካልቆጠረች አታውቀውም። ክፍሉ በልጆች የታጨቀ ነበር፤ መምህርቷ ደግሞ አንዲት ናት። እሷን መውቀስ አልችልም፤ ያን ሁሉ ሕፃን አንድ በአንድ የምታስነብብበት ጊዜ ከየት ታምጣ?

የኔታ ልጄን እንደተቀበሏት የፊደል ገበታ አስይዘው፣ በስንደዶ ከታች ወደ ላይ እየጠቆሙ ጠየቋት። ዝም አለች። አልተቆጧትም። ወደ እኔ ዞር ብለው «ዜማውን ይዛዋለች፤ ከፊደሉ ጋር ግን ገና አልተዋወቁም» አሉኝ። እኔ ስጨነቅበት የከረምኩትን ነገር እሳቸው ወዲያው አዩት።

ከዚያ በኋላ ያየሁትን ልንገራችሁ፤ ብዙዎቻችን የቄስ ትምህርት ቤት ጩኸትና ሽምደዳ ብቻ ይመስለናልና። 33ቱ ፊደላት በ7 ሲባዙ 231 ይሆናሉ። ልጁ እነዚህን መጀመሪያ በተራ ይቆጥራል፤ ቀጥሎ ከመጨረሻው ወደ ኋላ፣ ከዚያ ደግሞ ከላይ ወደ ታች። ይህን ሲያልፍ አቡጊዳ ይገባል፦ አ ቡ ጊ ዳ ሄ ው ዞ። እዚህ ላይ እያንዳንዱ ፊደል ሌላ ነው፣ እያንዳንዱ ድምፅም ሌላ ነው፤ ስለዚህ የለመዱት ዜማ አያድንም፤ ፊደሉን ራሱን ማወቅ ግድ ነው። አባቶቻችን ልጅ በዜማ ተሸፋፍኖ እንዳያልፍ መፈተኛውን እዚያው ገበታው ላይ አስቀምጠውታል። ልጄ አቡጊዳ ላይ ብዙ ቆየች። የኔታ አላጣደፏትም፤ እኔንም አላባበሉኝም። ማንም ልጅ የያዘውን ሳያጠራ ወደሚቀጥለው አይሄድም፤ ያጠራም ጓደኞቹን አይጠብቅም።

ዳሷ ውስጥ አንዱ ፊደል ይቆጥራል፣ ሌላው መልእክተ ዮሐንስ ያነብባል፣ ከወዲያ ያሉት ዳዊት ይደግማሉ፤ ሁሉም ድምፁን ከፍ አድርጎ ነው። ከውጭ ለሚሰማው ጫጫታ ነው። የኔታ ግን አንዱን ልጅ ከፊታቸው አስቀምጠው እያስነበቡ፣ ከጥግ ሆኖ ለተሳሳተው ሳይዞሩ «መልሰህ በለው!» ይላሉ። ከፍ ያሉት ልጆች ታናናሾቻቸውን ያስቆጥራሉ። የኔን ልጅ አቡጊዳ ያሻገራት ዳዊት የጀመረ አንድ ልጅ ነው፤ አባቱ ከዘጌ በታንኳ እንጨት እያመጣ የሚሸጥ ሰው ነው። ያ ልጅ ሲያስተምር ትዕግሥቱን ብታዩት! ለእሱም ምስጋናዬ ይድረሰው።

ንባቡም እንዲሁ በደረጃ ነው። መልእክተ ዮሐንስን መጀመሪያ በቁጥር፣ ፊደል በፊደል ትለቅማለች፤ ከዚያ ግእዝ በሚባለው የንባብ ደረጃ ፊደሎቹን ወደ ቃል እያያያዘች፣ ቀጥሎ ዜማ ባለው በውርድ ንባብ፣ በመጨረሻ አቀላጥፎ በሚነበበው በቁም ንባብ ትወጣዋለች። ተነሽ፣ ተጣይ፣ ወዳቂና ሰያፍ የሚባሉትን የግእዝ ቃላት የአነባበብ ዓይነቶች እየለየች ነው። ያው አንድ ገጽ እየተመላለሰ ሲነበብ መጀመሪያ ላይ አሰልቺ መስሎኝ ነበር። ልጄ ግን ድምፁ እየጠራላት ሲሄድ ራሷ ደስ ይላታል። አሁን ዳዊት ገብታለች። ገና ከ150ው መዝሙር ጥቂቱን ነው የያዘችው፤ የአማርኛ መጽሐፍ ስትሰጧት ግን ሳትደናቀፍ ታነብላችኋለች።

ከሁሉ በላይ ልቤን የነካው ቤት ውስጥ የሆነው ነው። እናቴ ፊደል አልቆጠረችም፤ ውዳሴ ማርያምን ግን ከቤተ ክርስቲያን ሰምታ በቃሏ ይዛዋለች። አሁን ማታ ማታ ልጄ የዕለቱን እያየች ታነብላታለች፤ ስትሳሳት አያቷ ታርማታለች። ሁለቱን እንዲህ ያስቀመጡልኝ የኔታ ናቸው።

ወላጆች አስቀድማችሁ የምትጠይቁኝን አውቃለሁ፦ ይገርፋሉ ወይ? ድሮ በዚህ ትምህርት ቤት ያለፉ ታላላቆቻችን የአለንጋውን ነገር ስላወሩልን ፍርሃቱ ተገቢ ነው። እኔም ሳልናገር እየሄድኩ ከውጭ ቆሜ አይቻለሁ። የኔታ እጃቸው ላይ ያለው ስንደዶ ፊደል መጠቆሚያ ብቻ ነው። ያጠፋን ልጅ ከጎናቸው ያስቀምጡታል፤ በዚያው ይበቃዋል። ልጅ ከሚመታበት ቦታ ልጄን አላስቀምጥም፤ እናንተም አታስቀምጡ፣ ትምህርቱ የቱንም ያህል ጥሩ ቢሆን።

እሳቸው ቅኔን ጎጃም ባለው በዋሸራ የተቀኙ፣ አቋቋምን፣ ማለትም በከበሮና በጸናጽል የሚዘመረውን የቤተ ክርስቲያን ዝማሬ፣ ጎንደር የተማሩ ሰው ናቸው። ጉባኤ ዘርግተው ትልልቅ ደቀ መዛሙርት ማስተማር ሲችሉ ንፍጡን ያልጠረገ ሕፃን «ሀ» በል ማለትን መርጠዋል። እኔ ይህን ከማንኛውም ማዕረግ አስበልጬ አየዋለሁ። የኔታ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ዕድሜና ጤና ይስጥዎ።

እውነቱን ለመናገር ሁሉን አታገኙበትም። ሒሳብና እንግሊዝኛ የለም፤ ስለዚህ የኔ ልጅ ከሰዓት በፈረቃ መደበኛ ትምህርት ቤት ትሄዳለች። ልጆቹ በቡድን ተሰልፈው አብረው እንዲያልፉ የሚፈልግ፣ በየወሩ የፈተና ውጤት የሚጠብቅ ወላጅ አይመቸውም። ልጁ ፊደል እያወቀ እንዳላወቀ የሆነበት፣ ማንበብ የፈራ፣ ወይም ገና ትምህርት ያልጀመረ ልጅ ያለው ግን ሳያመነታ ይሂድ።

የተወሰነ ክፍያ የለም። ያለው በየወሩ የተቻለውን ይሰጣል፤ የሌለው አይጠየቅም፣ ልጁም ተለይቶ አይታይም። ስለዚህ የምንችል ሰዎች እንደምንችል ሆነን እንክፈል። ገንዘብ መስጠት ለሚከብዳቸው፦ ቆርቆሮው በክረምት ያፈስሳል፣ ምንጣፉ አልቋል፣ የፊደል ገበታም ለሁሉም አይደርስም። አናጢ የሆነ ሰው ግማሽ ቀን ቢሰጥ ትልቅ ነገር ነው፤ ቆርቆሮውንና ምስማሩን እኛ የአሁኖቹ ወላጆች እናዋጣለን።

ቦታውን ለሚፈልግ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ እስከ በሩ አመላክታለሁ። ምዝገባ፣ ፎርም የሚባል ነገር የለም። ከሰኞ እስከ ዓርብ ጠዋት 2፡30 ላይ ልጁን ይዞ መድረስ ነው፤ 5፡30 ላይ ይለቀቃሉ። በዐበይት በዓላት ትምህርት የለም። ጫማ አውልቀው ስለሚቀመጡ ወፍራም ካልሲ አድርጉላቸው፤ ጠዋት ከጣና የሚመጣው ነፋስ ዳሷ ውስጥ ይገባል። ውኃና ቆሎ ወይም ዳቦ በቂ ነው፤ ብስኩትና ለስላሳ አትላኩ፣ ያልያዘው ልጅ እንዳያይ ብለው የኔታ አይፈቅዱም።