ጥርስ የሌለው ሮለር፦ በቤት የተሠራ የ16 ሚሊሜትር ፊልም ስካነር ከወራት አገልግሎት በኋላ

የድሮ ፊልምን ፍሬም በፍሬም (ምስል በምስል) ፎቶ እያነሳ ወደ ኮምፒውተር ፋይል ከሚቀይረው ከዚህ ማሽን ላይ ሌላውን ሁሉ ብትነቅሉብኝ፣ ፊልሙን የሚስበውን ጥርስ የሌለውን ሮለር አላስነካም። ባሕር ዳር ላይ ወራት ካሠራሁት በኋላ ልናገርለት የምፈልገው እሱን ነው። ጎጃም ውስጥ ከየቤቱ ሣጥን የሚወጣ ፊልም ደርቋል፣ ተጣሟል፣ ከሁሉ የከፋው ደግሞ አጥሯል።

የ16 ሚሊሜትር ፊልም ጠርዙ ላይ ለእያንዳንዱ ፍሬም ቀዳዳ አለው፤ ከቀዳዳ እስከ ቀዳዳ 7.62 ሚሊሜትር ነው። አሴቴት ከሚባለው ፕላስቲክ የተሠራ ፊልም በዕድሜ 1 በመቶ ሲኮማተር በአንድ ፍሬም የሚጎድለው 0.076 ሚሊሜትር ብቻ ስለሆነ ምንም አይመስልም። ጥርሳም ሮለር ግን አምስት ቀዳዳ በአንዴ ሲይዝ ከመጀመሪያው ጥርስ እስከ አምስተኛው ልዩነቱ 0.3 ሚሊሜትር ይሆናል። ያን ጊዜ ጥርሱ ቀዳዳውን ስቶ ጠርዙን ይቀደዋል፤ የተቀደደ ቀዳዳ ደግሞ አይመለስም።

የእኔ ሮለር ቶርኖ ቤት የወጣ አሉሚኒየም ነው፤ ዲያሜትሩ 24.25 ሚሊሜትር። ዙሪያው 76.2 ሚሊሜትር ስለሚመጣ በአንድ ዙር አሥር ፍሬም ያልፋል። በትንንሽ እርምጃ የሚዞረው ስቴፐር ሞተር በዙር 200 እርምጃ አለው፤ ሞተሩን የሚያዘው ሰሌዳ (ድራይቨሩ) እያንዳንዱን በ16 ሲከፍለው 3200፣ ለአንድ ፍሬም 320 ይደርሳል። ከላይ የአሮጌ ፕሪንተር ጎማ በለስላሳ ሞላ ይጫነዋል፤ መሃሉ ተቦርቡሮ የፊልሙን ጠርዝ ብቻ ነው የሚነካው። ሁለቱም በኩሽኔታ ላይ ይዞራሉ።

ፊልሙ ቆሞ ፎቶ ይነሳል፣ ፕሮግራሙ ቀዳዳውን ይፈልጋል፣ ቦታው ከተዛነፈ የሚቀጥለውን እርምጃ ያስተካክላል። 1 በመቶ ያጠረ ጥቅል ላይ ቁጥሩ ራሱ ወደ 317 ይወርዳል። ጥርሳም ሮለር የሚቀደው ፊልም እዚህ ላይ ሳይጎዳ ያልፋል። ለመደበኛው 8 ሚሊሜትር 160፣ ለሱፐር 8 ደግሞ 178 ብሎ መጻፍ ነው፤ ፊልሙ ፎቶ ሲነሳ የሚያልፍበት መስኮት (ጌቱ) እና የሌንሱ ርቀት ግን መቀየር አለባቸው።

«ወንድሜ፣ ምን አደከመህ? ተሠርቶ የሚሸጥ የስካነር ሣጥን አለ፤ ፊልሙን አስገብተህ ቁልፉን መጫን ነው» የሚል ነጋዴ አይጠፋም። እሺ፣ ሣጥንህ 16 ሚሊሜትር ይቀበላል? ርካሾቹ 8 ሚሊሜትር ላይ ነው የሚቆሙት። ደግሞስ ምስሉን ጨፍልቆ ቪዲዮ አድርጎ ሲሰጠኝ፣ ሳያን የሚባለው ሰማያዊ-አረንጓዴ ቀለሙ ጠፍቶ ሮዝ ብቻ የቀረውን ፊልም በምን ላስተካክለው? እኔ የምፈልገው ካሜራው ያልጨፈለቀው፣ የቀለም ደረጃው ብዙ የሆነ ባለ 12 ቢት ምስል ነው። ራስበሪ ፓይ ከሚባለው ትንሽ ኮምፒውተር ጋር የሚሠራው ኤችኪው ካሜራ 4056 በ3040 ፒክስል ይሰጠኛል። ከፊቱ የ50 ሚሊሜትር የኢንላርጀር (የፎቶ ማጉያ) ሌንስ አለ፤ ከሌንሱ እስከ ፊልሙ 15፣ እስከ ሴንሰሩ 7.5 ሳንቲሜትር ገደማ።

ዋጋው በሃርድ ዲስክ ይከፈላል። 30 ሜትር ጥቅል 4000 ፍሬም ነው፤ አንዱ ፍሬም 18 ሜጋባይት ሲሆን ጠቅላላው ከ70 ጊጋባይት ያልፋል። በሰከንድ አንድ ፍሬም ሲሄድ ሦስት ደቂቃ የማይሞላ ፊልም ከአንድ ሰዓት በላይ ይወስዳል። ለዚህ ጥራት ግን አይከፋኝም።

የሚያስቸግረው ቀዳዳውን ማግኘት ነው። ሪቨርሳል ፊልም (ሲታጠብ ራሱ ፖዘቲቭ ምስል የሚሆነው) ጠርዙ ጥቁር ስለሆነ ቀዳዳው ፍንትው ብሎ ይታያል። ጥቁርና ነጭ ኔጋቲቭ ላይ ግን ጠርዙም እንደ ቀዳዳው ብርሃን ያሳልፋል፤ ፕሮግራሙ ይምታታና ፍሬሙ ይዘላል። መፍትሔው ብርሃኑን ትቶ የቀዳዳውን ጠርዝ መስመር መፈለግ፣ ካልተገኘም ከቀደሙት ፍሬሞች በተገመተው ቦታ መቀጠል ነው። ፊልሙ የተቀጠለበት ቦታም ያንሸራትተዋል፤ እዚያ ላይ እጅ ያስፈልጋል።

ጎማው አቧራ ሲይዝ መንሸራተት ይጀምራል፤ በጋ ላይ በየጥቅሉ በ99 በመቶ አይሶፕሮፒል አልኮል መጥረግ ነው። መጠቅለያውን ሞተርም ተከታተሉት፦ ጉልበቱ ካልተቀየረ ጥቅሉ እየወፈረ ሲሄድ ውጥረቱ ይላላል፣ ስለዚህ ቮልቴጁን ቀስ በቀስ ከፍ ማድረግ ያሻል።

መብራቱ ቀለምን በትክክል የሚያሳይ ነጭ ኤልኢዲ ሆኖ ከላዩ ወተት መሳይ አክሪሊክ አለው። በፍጥነት እያጠፋ እያበራ የሚያደበዝዝ ዲመር አታስገቡበት፤ ምስሉ ላይ ግርፍ ይወጣል። መብራት በሄደ ቁጥር ሥራው እንዳይቋረጥ ሁሉንም በ12 ቮልት የባጃጅ ባትሪ ነው የማሠራው፤ ቻርጀሩ ከጎን ይሞላዋል።

ኮምጣጤ የሚሸት ጥቅል ካላችሁ እሱን አስቀድሙ፤ አሴቴቱ ሲበሰብስ የሚወጣው አሲድ መበስበሱን ራሱ እያፋጠነ ስለሚሄድ ሌላው ይጠብቃል፣ እሱ ግን አይጠብቅም። ከጤነኞቹ ለዩት፣ ካለፈም በኋላ ሮለሩንና ጎማውን ጥረጉ። ፊልሙ ተጣሞ ዳርና መሃሉ እኩል ጥርት ካላለ የሌንሱን ቀዳዳ ወደ f/8 አጥብቡት፣ ፎቶ የሚነሳበትንም ጊዜ አርዝሙ፤ ፊልሙ ቆሞ ስለሚነሳ ምስሉ አይደበዝዝም።